ክርክር፦ ሰርቨራችን የት ይቀመጥ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። አንድ የአዲስ አበባ የክፍያ መተግበሪያ ወደ ናይሮቢ ሊሰፋ ነው። ክላውዱን፣ ማለትም መረጃው የሚቀመጥበትንና በኢንተርኔት የሚደረስበትን የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር (ሰርቨር)፣ የት ይከራይ? አማዞን የክላውድ ማዕከል ባህሬን ላይ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ኬፕታውን ላይ በ2020 ከፍቷል። ወይስ እዚሁ አዲስ አበባ ይሁን?

የሲስተም ባለሙያው፦ "አፍሪካ ውስጥ ስለሆነ ኬፕታውን" የሚለውን አልቀበልም። ከአዲስ አበባ ኬፕታውን በቀጥታ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የጀርመኗ ፍራንክፈርትም እንደዚያው! ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ደርሶ መልሱ ቢያንስ 50 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው፤ ያውም ኬብሉ ቀጥ ብሎ ቢሄድ። ቀጥ ብሎ ደግሞ አይሄድም። እኛ የባህር በር የለንም፤ መስመራችን መጀመሪያ እንደ ጅቡቲ ወይም ኬንያ ያለ ጎረቤት አገር መድረስ አለበት። የባህሬን ርቀት በካርታ ላይ የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ግን ካርታ አይተን አንወስን። ከደንበኛው ስልክ ላይ፣ በኢትዮ ቴሌኮምም በሳፋሪኮምም እንለካ።

ከናይሮቢ የሚሳተፍ ባልደረባ፦ ፍጥነቱን ተዉት፣ ኬብሉ ሲበጠስስ? እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወርዱት ኢሲ እና ሲኮም የተባሉ የባህር ኬብሎች ተቆርጠው እዚህ ኢንተርኔት ተንቀረፈፈ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ደግሞ ቀይ ባህር ውስጥ ሦስት ኬብሎች ተበጥሰው ነበር። ስለዚህ በደቡብም በሰሜንም ዋስትና የለም። አንድ ቦታ ብቻ የሚያስቀምጥ ሰው ደንበኛው ገንዘቡን ማየት ሲያቅተው ምን ሊለው ነው?

የሂሳብ ኃላፊው፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ ዶላሩ ነው። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በሐምሌ 2016 መጨረሻ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የክላውድ ሂሳብ ሳይጨምር በብር እጥፍ ሊሆን ደረሰ። ኬፕታውን ደግሞ ከአማዞን የአየርላንድ ማዕከል ይወደዳል። እዚሁ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ የሰርቨር ቦታ የሚያከራዩት ራክሲዮም ዊንጉም አሉ። ለምን እዚያ አንገባም?

የሲስተም ባለሙያው፦ ጋሼ፣ ስለ ዶላሩ እውነትዎን ነው። ግን እዚያ ቦታና መብራት ተከራይተን ማሽኑን እኛ ብንገዛ፣ ማሽኑም የሚመጣው በዶላር ነው። ዲስክ ሲቃጠል መለዋወጫ የሚያመጣው ማን ነው? ሌሊት የሚነሳውስ? እኔ የምለው፣ የደንበኛው ሂሳብ አዲስ አበባ ይቀመጥ፣ ባክአፑ (መጠባበቂያ ቅጂው) ባህሬን ይሁን። የናይሮቢ ደንበኞች ሲበዙ እዚያ ሌላ እንከፍታለን።

የሕግ ባለሙያዋ፦ ወንድሜ፣ ቀስ በል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የግል መረጃን ወደ ውጭ ማስተላለፍ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ኬንያም እ.ኤ.አ. የ2019 የራሷ ሕግ አላት። ባክአፕ ቢሆንስ? ስም፣ ስልክና ሂሳብ እስካለበት ድረስ ያው የግል መረጃ ነው። ባህሬን ሲገባ ድንበር ተሻግሯል። በየትኛው ቅድመ ሁኔታ እንደምትልኩት በጽሑፍ ሳታስቀምጡ ውል አትፈርሙ።