ሐዋሳ ላይ ከጎዳና ለምትነሣ ልጅ የትኛው ማሠልጠኛ፣ የትኛው የስፌት መኪና?

መናኸሪያው አጠገብ ቆሎ ስትሸጥ ያገኟት የ16 ዓመት ልጅ የት ገብታ ሙያ ብትማር እንደሚሻል ለጠየቁኝ እኅቴ፣ ልጃገረዶችን ወደ ሥልጠና ስሸኝ ያየሁትን እነሆ። ልጅቷ ገና 18 ዓመት ስላልሞላት፣ ከሁሉ በፊት ጉዳይዋን የክፍለ ከተማው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ይወቀው።

የመንግሥት ኮሌጆች ሥልጠና በደረጃ የተከፈለ፣ በሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘና የሚረጋገጥ በመሆኑ ማስረጃው የትም ይሠራል፤ ነገር ግን የትምህርት ማስረጃ ስለሚጠይቁ ከገጠር ባዶ እጇን ለመጣች ልጅ በሩ ጠባብ ነው። የግል የፀጉርና የምግብ ዝግጅት ማሠልጠኛዎች በጥቂት ወራት ያስመርቃሉ፣ ማደሪያ ግን የላቸውም። እኔ የማስቀድመው ሥልጠናን ከማደሪያና ከምሳ ጋር የሚሰጥ የበጎ አድራጎት ማዕከልን ነው። አንዲት ልጅ ጨርቁን መርፌው ሥር እንደያዘች እንቅልፍ ሲጥላት አይቻለሁ፤ አስተማሪዋ ሰነፍ ናት ብላ አሰናበተቻት፣ እሷ ግን በረንዳ ላይ እያደረች፣ ሌሊቱን በፍርሃት ነቅታ ነበር የምታነጋው።

በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ለብዙ ልጃገረዶች የሥራ በር ከፍቷል። ሆኖም በፋብሪካ መስመር ላይ ኮሌታ የምትሰፋ ልጅ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ብቻ ስለምትሰፋ፣ ሥራውን በለቀቀች ቀን አንድ ሙሉ ቀሚስ ቆርጣ መስፋት ያቅታታል፤ ስለዚህ መቁረጥና መለካት አስቀድማ ትማር። ካፌ የምትቀጠር ከሆነም፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 እስከ 18 ዓመት ላለ ወጣት የቀን ሥራ ከ7 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፣ የሌሊት ሥራንም ይከለክላል፤ ይህን ለቀጣሪው ፊት ለፊት ይንገሩት።

የስፌት መኪና ሊገዙላት ካሰቡ፣ መብራት በሚቆራረጥበት የኪራይ ቤት ከኤሌክትሪኩ ይልቅ በእግር የሚረገጠው፣ ቢራቢሮ የሚባለው መኪና ያዋጣታል። ያገለገለም ቢሆን አይክፋዎት፣ ብቻ ሱቁ ውስጥ የታጠፈ ጂንስ አሰፍተው ይሞክሩት፤ ክር ከዘለለ ይተዉት። ደረሰኙ በእሷ ስም ይቆረጥ። ከተመረቀች በኋላ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር የሰጣትን መኪና መልሶ የወሰደባትን ልጅ አውቃለሁ፤ በስሟ የተጻፈ አንዲት ወረቀት ስላልነበራት መከራከሪያ አጥታ ወደ በረንዳዋ ተመለሰች።