ሃዲድ መገንጠያ ላይ ያለው ፎቅ ቤት ምንድነው?

ጠያቂ፦ ሰላም የጅማ ልጆች፣ እኛ ጋ ባቡር ባይኖርም የውጭ ሃገር የድሮ ፎቶ ሳይ ሃዲዱ የሚገነጠልበት ቦታ ዙሪያውን መስኮት የሆነ ፎቅ አለ፣ ምን ይሰራል?

መልስ፦ ሲግናል ታወር ነው። ውስጡ ረጃጅም የብረት ማንሻዎች ተደርድረዋል፣ ሰራተኛው እነሱን እየጎተተ በሽቦና በብረት ዘንግ የሃዲዱን አቅጣጫ ይቀይራል፣ ለባቡሩ ነጂ የሚታየውንም ምልክት ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ከፍ ያለው ቁልቁል እንዲያይ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሳክስቢ እ.ኤ.አ. በ1856 ሃዲዱንና ምልክቱን አንድ ላይ ለማንቀሳቀስ ፓተንት (የፈጠራ መብት) አወጣ፣ ከዛ በኋላ ማንሻዎቹ እርስ በርስ መቆላለፍ ጀመሩ፣ ባቡር የሚያጋጭ መስመር ልክፈት ብትል ማንሻው ንቅንቅ አይልም። ይሄ ነው እኔን የሚገርመኝ።

ሌላ፦ ሂርማታ ጋ ለባጃጆቹ አንድ ይተከልልን 😂

ጠያቂ፦ አሁንስ አሉ?

መልስ፦ ብዙዎቹ ተዘግተዋል፣ በኮምፒውተር ከሩቅ ነው የሚሰራው፣ አንዳንዱ ሙዚየም ሆኗል።