ጳጉሜን 6 ላይ አንድ ዓመት ሲደመር የት ይውላል?

አራት ኪሎ ላለ ቢሮ የኪራይ ውል መከታተያ ሶፍትዌር እየሠራሁ ነው፤ በጃቫስክሪፕት የፕሮግራም ቋንቋና በፖስትግሬስ ዳታቤዝ። ቀኑ ዳታቤዝ ውስጥ በፈረንጆች ይቀመጣል፣ ለተጠቃሚው በእኛ ይታያል። ሌላው ሁሉ ልክ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈረሙት ውሎች ግን አስቸገሩኝ። በፈረንጆቹ አንድ ዓመት ስደምር ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ወደ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ይሄዳል። ያ ደግሞ በእኛ መስከረም 1 ቀን 2017 ነው፤ ዓመቱ ተቀየረ ማለት ነው። በእኛው ስደምር ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ይለኛል፤ እንዲህ ያለ ቀን የለም። ወደ ጳጉሜን 5 እንዳልመልሰው ተከራዩ አንድ ቀን እንዳያጣ ሰጋሁ፤ የሰው ገንዘብ ነው። በውል ሥራ ላይ ያላችሁ፣ የእድሳቱን ቀን ጳጉሜን 5 ነው ወይስ መስከረም 1 የምታደርጉት?