ክፍል ውስጥ የማይናገሩ ተማሪዎች፦ በግል መልእክት አስተያየት መስጠት ይጠቅማል?

መምህር ከጎንደር፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ክሪቲካል ቲንኪንግ አስተምራለሁ። ስልሳ ናቸው፤ ውይይት ስከፍት ግን የሚናገሩት እነዚያው አምስት ልጆች ናቸው። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አለች። ጽሑፏን ሳነብ ክርክሯ ያስደንቀኛል፤ ድምጿን ግን ሰምቼው አላውቅም። ያሳዝነኛል። ከክፍል በኋላ ለእያንዳንዳቸው በቴሌግራም በግል ልጽፍላቸው አስቤያለሁ። የሞከራችሁ ካላችሁ ምን ብላችሁ ነው የምትጽፉት?

የባዮሎጂ መምህርት፦
እኔ እጽፋለሁ፤ ለውጥም አይቻለሁ። "ጎበዝ፣ በርቺ" ብቻ ከሆነ ግን ባትጽፍ ይሻላል። ተማሪው የተናገረውን ጥቀስለት፣ ከዚያ ለሚቀጥለው አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው። ለአንዱ እንዲህ ጻፍኩለት፦ "የወባ ተሕዋስ መድኃኒት ስለመላመዱ ያነሣኸው ጥሩ ነበር። ነገ ምክንያቱን ጨምርበት።"

ዝም ለሚሉት የውይይቱን ጥያቄ ቀደም ብዬ እልክላቸዋለሁ። ተዘጋጅታ የመጣች ልጅ እጅ ማውጣት ያን ያህል አይከብዳትም። ብዙ ለሚናገሩትም ጻፍ። አንዱን "መጀመሪያ የጓደኛህን ሐሳብ አንሣ፣ ከዚያ ያንተን ጨምር" ብዬ ብጽፍለት ሌሎቹን ወደ ውይይቱ መሳብ ጀመረ። በሰው ፊት ብነግረው ይከፋው ነበር። ስልሳውን በአንዴ አትችልም፤ በየክፍለ ጊዜው ለጥቂቶቹ እየጻፍክ ተራ አዳርሳቸው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ወንድ መምህር በግል ቴሌግራም፣ ያውም ማታ፣ ሲጽፍላት ልጅቷ ትሸማቀቃለች፤ መልእክቱ ምንም ይሁን። ጉግል ክላስሩም (የጉግል የኢንተርኔት መማሪያ ክፍል) ካላችሁ የግል አስተያየት መስጫው ይሻላል። ከሥራዋ ሥር ይቀመጣል፣ ሌላ ተማሪ አያየውም። ለሁሉም እንደምትጽፍም አስቀድመህ ክፍል ውስጥ ተናገር።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦
መምህር፣ እኔ ዝም የምለው እንግሊዝኛው ስለሚያስፈራኝ ነበር። ሐሳቡ አለ፤ ዓረፍተ ነገሩ እስኪገጣጠምልኝ ግን ሌላው ይናገራል። አንድ አስተማሪዬ "በአማርኛ ጀምረው፣ ከዚያ አብረን ወደ እንግሊዝኛ እንመልሰዋለን" ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ ወዲህ እናገራለሁ። ስማርት ስልክ የሌላቸውንም አይርሷቸው፤ ለእነሱ በወረቀት ይጻፉላቸው።

ጡረተኛ መምህር፦
መልእክቱ ብቻውን አይበቃም ልጄ። ጠይቀህ ታገሥ። አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተመችው ጥናት መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያራዝሙት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ የማይናገሩትም መናገር ጀመሩ።

መምህር ከጎንደር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጉግል ክላስሩም አለን፣ በእሱ እጀምራለሁ። የሰኞን ጥያቄ ሐሙስ ለኋላ ረድፍ ልጆች እልካለሁ። አንድ ቀረኝ፦ ተሳትፎው ማርክ ይኑረው?

የባዮሎጂ መምህርት፦
አስተያየቱን ከማርክ ጋር አታገናኘው። ማርክ ከገባበት ለነጥብ ብለው ነው የሚያወሩት።