ወርቅማ ጠመዝማዛ ቅሪተ አካል ነጭ ዱቄት እያወጣ ነው፤ ምን ይደረግ?

ጥቁር ደለል፦
ሰላም ለሁላችሁ። 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ቅሪተ አካል አለኝ። የወጣው ከጥቁር ሼል (ከደቃቅ ጭቃ ከተሠራ ስስ ንጣፍ ድንጋይ) ውስጥ ነው። መጀመሪያ እንደ ነሐስ ያብረቀርቅ ነበር። አሁን ከመሃሉ ጀምሮ እየገረጣ ነው፤ ስንጥቁ ውስጥ ነጭና ፈዛዛ ቢጫ ዱቄት ወጥቷል፣ ድኝ ድኝ ይሸታል። የተቀመጠበት ካርቶንም ቡኒ ሆኖ ተበልቷል። በውሃና በጥርስ ብሩሽ ታጥቧል። እንስሳው ምንድን ነው? ማዕድኑስ ከሁለቱ የብረትና የድኝ ማዕድናት የትኛው ነው፣ ፓይራይት ነው ማርካሳይት? ቫርኒሽ ቢቀባ ይቆማል?

አጉሊ መነጽር፦
ሁለቱም ጎኑ እኩል ጠፍጣፋ ከሆነ አሞናይት (ቅርፊቱ በውስጡ በክፍሎች የተከፋፈለ፣ ከምድር የጠፋ የባሕር እንስሳ) ሳይሆን አይቀርም። አብዛኛው ቀንድ አውጣ ሲጠቀለል በአንድ በኩል ሾጠጥ ብሎ ይወጣል። ማረጋገጫው ግን የስፌት መስመር ነው። ውጫዊው ቅርፊት የተላጠበትን ቦታ 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር እይ፤ የክፍሎቹ ግድግዳ ከቅርፊቱ ጋር የተጋጠመበት መስመር እንደ ቅጠል ጠርዝ ተሸንሽኖ ካገኘኸው አሞናይት ነው። መስመሩ ለስላሳ ቅስት ብቻ ከሆነ ወደ ናውቲለስ (ዛሬም በባሕር ወደሚኖረው የአሞናይት ዘመድ) ወገን ያደላል። ቀንድ አውጣ እንዲህ ያለ ተራ በተራ የተከፋፈለ ክፍል የለውም።

ማዕድኑን በራሱ በቅሪተ አካሉ ላይ አትሞክር፤ የረገፈ ፍርፋሪ ይበቃል። ፓይራይት ከሆነ ባልተለበጠ የሴራሚክ ጀርባ ላይ ስትፈገፍገው አረንጓዴ ያዘለ ጥቁር ዱቄት ይተዋል፤ ወርቅ ቢሆን ዱቄቱም ቢጫ ይሆን ነበር። ቻልኮፓይራይትም (መዳብ ያለበት ወርቅማ ማዕድን) ተመሳሳይ ጥቁር ዱቄት ስላለው በቢላዋም ጭረህ ሞክር። የቻልኮፓይራይት ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 ባለው የሞህስ መለኪያ ከ3.5 እስከ 4 ስለሆነ በቀላሉ ይጫራል። ፓይራይት ከ6 እስከ 6.5 ስለሆነ ተራ ቢላዋ አይጭረውም። ፍርፋሪው የተበሰበሰ ከሆነ ግን የጥንካሬ ሙከራ ያሳስታል፣ ጤነኛ ቁራጭ ምረጥ።

ፓይራይትና ማርካሳይት አንድ ብረትና ሁለት ድኝ ናቸው፤ የሚለያዩት በአተሞቹ አደራደር ነው። ኩብ ክሪስታል ካየህ ፓይራይት፣ የጦር ጫፍ ወይም የአውራ ዶሮ ኩክኒ የሚመስል ካየህ ማርካሳይት ነው። ደቃቅ ሲሆን እንደ ኤክስሬይ ያለ የላቦራቶሪ ትንተና ከሌለ በዓይን መለየት አይቻልም። ብዙ ሰው የተበላሸውን ሁሉ ማርካሳይት ይለዋል፤ ስህተት ነው፣ ደቃቅ ፓይራይትም እንዲሁ ይፈርሳል። መለያ ወረቀቱ ላይ «የብረት ሰልፋይድ» ብለህ ጻፍ።

ደረቅ ሳጥን፦
ቫርኒሽ አይቀባ። አየርና እርጥበት ፓይራይቱን ወደ ብረት ሰልፌትና ሰልፈሪክ አሲድ እየለወጡት ነው፤ ካርቶኑን የበላው ይኸው አሲድ ነው። ሰልፌቱ ከፓይራይቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ድንጋዩን ከውስጥ ይሰነጥቃል። ቫርኒሽ አሲዱን ውስጥ ያስቀረዋል፣ የውሃ ተንንም ሙሉ በሙሉ አያግድም። መታጠቡም ያባባሰው ይመስላል፤ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ቀርቷል።

ዛሬውኑ ከሌሎቹ ለየው። መለያ ወረቀቱን አሲዱ ሳይጨርሰው ገልብጠህ ካርቶኑን ጣል። ጓንትና ጭምብል አድርገህ ዱቄቱን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረግ። ከዚያ ጥብቅ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከሲሊካ ጄል (እርጥበት ከሚመጡ ትንንሽ እንክብሎች) ጋር አስቀምጠው፤ ለ1 ሊትር ሳጥን 50 ግራም ያህል ይበቃል። ትንሽ የእርጥበት መለኪያም ጨምር፦ ከ30 በመቶ በታች ይሁን። ከ60 በመቶ በላይ ሲሆን መበስበሱ ይፈጥናል። ብርቱካናማው ጄል አረንጓዴ ሲሆን እርጥበት ጠግቧል ማለት ነው፤ በ120 ዲግሪ ሁለት ሦስት ሰዓት አድርቀህ መልሰው። ሰማያዊው ኮባልት ስላለበት ባትገዛው ይሻላል።

ጥቁር ደለል፦
አመሰግናለሁ። የስፌት መስመሩ ተሸንሽኖ ይታያል። ውስጥ የቀረውን አሲድ ግን ማድረቅ ብቻውን ያጠፋዋል?

ደረቅ ሳጥን፦
አያጠፋውም፣ ያዘገየዋል እንጂ። አሲዱን የሚያከሽፈው የአሞኒያ ተን ነው። ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ታች ትንሽ የአሞኒያ ፈሳሽ (በውሃ የተበጠበጠ አሞኒያ) በሳህን አድርግ፤ ቅሪተ አካሉ ፈሳሹን ሳይነካ ከላይ በፕላስቲክ ወንፊት ላይ ይቀመጥ። ነጩ ዱቄት ወደ ቡኒ ሲለወጥ አውጥተህ ጥረገው። ደጅ ላይ ስራው፤ አሞኒያን ከበረኪና ጋር በፍጹም አታቀራርብ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የላይኛው ገጽ ሊጠቁር ይችላል፤ ይህ የማይቀር ዋጋ ነው።

አጉሊ መነጽር፦
ሙዚየሞች የሚጠቀሙት ኤታኖላሚን ታዮግላይኮሌት የተባለ ኬሚካል ሰልፌቱን ራሱን ያሟሟል፤ በአልኮል ውስጥ 5 በመቶ ተበጥብጦ ይቀባል፣ ብረት ሲያገኝ ወይን ጠጅ ይሆናል። ሽታው ከባድ ነው፣ አልኮሉም አንዳንድ የቆየ ሙጫ ስለሚያላቅቅ ቀድሞ የተጣበቀ ቁራጭ ካለ ተጠንቀቅ። የላላውን ለማጠንከር ፓራሎይድ ቢ 72 (የአክሪሊክ ሙጫ) በአሴቶን 5 በመቶ አሟሙተህ ስንጥቁ ላይ ብቻ ጠብ አድርግ፤ እሱም አሲዱ ከሽፎ ድንጋዩ በደንብ ከደረቀ በኋላ። በየወሩ በመነጽር እየው፤ አዲስ ነጭ ነጥብ ካየህ አሞኒያውን ድገመው።