አማርኛን ከላይ ሳደርግ የቀጠሮ ገጹ ነጭ ይሆንብኛል

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ማታ የበላብኝ ነገር ነው። ፋየርፎክስ ላይ የድረ ገጽ ቋንቋ ምርጫዬን አማርኛ ብቻ አደረግኩ። እንግሊዝኛን ከነጭራሹ አወጣሁት፤ እልህ በሉት። ከዚያ ወዲህ አንድ የቀጠሮ መያዣ ድረ ገጽ ላይ ቀን መርጬ «ቀጥል» ስል ነጭ ገጽ ብቻ ይመጣል። የሚገርመው ሁልጊዜ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ለኤፕሪል 7 ስይዝ ሠርቷል፣ አሁን ለ18 እምቢ አለ። ኩኪ አጠፋሁ፣ በስውር መስኮት ሞከርኩ፣ ራውተሩን ሳይቀር አጥፍቼ አበራሁ (አትሳቁ)። የሚሠራው እንግሊዝኛን ከላይ ስመልሰው ብቻ ነው። ሌላ አንድ ገጽ ደግሞ በጀርመንኛ ይከፈትልኛል። እኔና ጀርመንኛ ምን አገናኘን?

መልስ 1
የጀርመንኛው ቀላል ነው ወንድሜ። ብሮውዘርህ ገጽ በጠየቀ ቁጥር «አክሰፕት ላንጉጅ» የሚባል መስመር አብሮ ይልካል። የመረጥካቸው ቋንቋዎች እዚያ ውስጥ በተራ ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ክብደቱ 1 ነው፣ የሚከተሉት እየቀነሱ ይሄዳሉ። አማርኛ የሌለው ገጽ ወደ ሁለተኛው ይወርዳል። አንተ ሁለተኛ አላስቀመጥክለትም፤ ስለዚህ የራሱን ቋንቋ ሰጠህ። እንግሊዝኛን ከአማርኛ ሥር መልሰው። አማርኛ ያለው ገጽ እንደሆነ አሁንም አማርኛውን ነው የሚሰጥህ።

መልስ 2
ነጩ ገጽ ግን በዚህ አይፈታም። ድረ ገጽ ነው የምሠራው፣ ይቺን ስህተት እኔም ሠርቻታለሁ። ገጹ የመጀመሪያ ምርጫህን ከብሮውዘሩ ይጠይቅና ቀኑን በዚያ ቋንቋ ልማድ ይጽፈዋል። በአሜሪካ እንግሊዝኛ ወሩ ይቀድማል፤ 4/18። በአማርኛ ቀኑ ይቀድማል፤ 18/4። ለዓይን ብቻ ከሆነ ምንም አይደል። ችግሩ ፕሮግራመሩ ያንኑ ጽሑፍ መልሶ እንደ ቀን ሲያስነብበው ነው። ማሽኑ መጀመሪያ ያለውን ቁጥር እንደ ወር ይወስደዋል። 13ኛ ወር እንኳ የማያውቅ ማሽን 18ኛውን ከየት ያምጣው? ኮዱ እዚያው ይቆማል፣ ገጹም ነጭ ይሆናል። ቀኑ ከ12 ካልበለጠ ግን ቀኑንና ወሩን አቀያይሮ ዝም ብሎ ያልፋል። ነጩ ገጽ ይሻላል፣ ቢያንስ መበላሸቱን ይነግርሃል። እኔ ብሆን የኤፕሪል 7ቱን ቀጠሮ አሁኑኑ አየው ነበር።

ጠያቂው
አየሁት። ጁላይ 4 ይላል! የማረጋገጫ ኢሜይሉ ሳምንት ሙሉ ተቀምጧል፣ ግን ማን ያነበዋል። ለዚያ ገጽ ብቻ እንግሊዝኛ የሚቀድምበት ሌላ ፕሮፋይል (የራሱ ቅንብር ያለው የፋየርፎክስ መለያ) ከፈትኩና የድሮውን ቀጠሮ ሰርዤ ሁለቱንም ቀኖች እንደገና ያዝኩ። እንግሊዝኛን ሥር መልሼዋለሁ፣ ጀርመንኛውም ጠፋ። ለገጹ ባለቤቶች ብጽፍላቸው «እባክዎ እንግሊዝኛ ይጠቀሙ» አሉኝ።

መልስ 2
መልሰህ ጻፍላቸው። የብሪታንያ እንግሊዝኛም ቀኑን ነው የሚያስቀድመው። ከላይ አድርገውት 18ን ይምረጡ በላቸው።