የፀሐይ ኃይል በምግብ ሰንሰለት ውስጥ የት ይቀራል?

ጥያቄ፦
ለተማሪዎች የኃይል ፒራሚድ (ከተክል እስከ በሊዎቹ በየደረጃው የሚያልፈውን ኃይል የሚያሳይ ሥዕል) እያዘጋጀሁ ነው። ተክል ካረፈበት ብርሃን የሚይዘው 1% ገደማ ነው፣ ከዚያም በየደረጃው 10% ያልፋል ይባላል። ኃይል አይጠፋም ከተባለ የቀረው የት ይሄዳል? ካርቦን ተመላልሶ ሲያገለግል ኃይል ለምን አይመለስም? ባሕር ውስጥ ፒራሚዱ ይገለበጣል የሚባለውስ?

ምላሽ 1፦
ከቅጠሉ ልጀምር። ለብርሃን አስተፃምሮ (ተክል በብርሃን ምግቡን ለሚሠራበት ሂደት) የሚያገለግለው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ነው፤ ከፀሐይ ኃይል ከግማሽ የሚበልጠው ከዚህ ውጭ ነው። ከቀረው ጥቂቱ ይንጸባረቃል ወይም ቅጠሉን ዘልቆ ያልፋል፣ ብዙው ደግሞ ስኳር እስኪሠራ ሙቀት ይሆናል። ስንዴን ለመሰሉ ተክሎች የንድፈ ሐሳቡ ጣሪያ 4.6%፣ በቆሎን ለመሰሉት 6% ገደማ ነው። ውሃ ወይም ናይትሮጅን ሲያጥር፣ ቅጠሉም መሬቱን ሳይሸፍነው ሲቆይ ወደ 1% ይወርዳል።

ምላሽ 2፦
10% ሕግ ሳይሆን ግምታዊ አማካይ ነው፤ እባክዎ እንደ ሕግ አያስተምሩት። ሣር በል አጥቢ እንስሳ 100 ኪሎ ጁል ቢበላ ግማሽ ያህሉ እበት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሰውነቱ ከወሰደው ውስጥ ወደ ሥጋ የሚለወጠው ከ1 እስከ 3% ነው፣ ሌላው ሙቀት ይሆናል። ነፍሳት የሰውነት ሙቀት ለመጠበቅ ስለማያወጡ 40% ገደማ ለዕድገት ያውላሉ። ብዙ ሥዕሎች የሚስቱት እዚህ ጋ ነው፦ እበቱና ሳይበላ የረገፈው ቅጠል ለአበስባሾች (የሞተውን ለሚያፈርሱት እንደ ባክቴሪያና ፈንገስ ያሉ ሕያዋን) ምግብ ነው። በደን ውስጥ አብዛኛው የተክል ምርት የሚሄደው ወደ እነሱ ስለሆነ ቀስታቸውን ይሣሉ።

ሙቀቱ ለምን አይመለስም? ሕዋሳት ስኳር ሲያቃጥሉ ካርቦኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ አየር ውስጥ ይቆያል፣ ቅጠልም ይወስደዋል። ሙቀቱ ግን ታህተ ቀይ (በዓይን የማይታይ) ጨረር ሆኖ በመጨረሻ ወደ ህዋ ይወጣል። የዚህ ጨረር አንድ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) የሚይዘው ኃይል ከቀይ ብርሃን ፎቶን አንድ አሥራ አምስተኛ ያህል ስለሆነ ክሎሮፊልን (ብርሃን የሚይዘውን የቅጠል አረንጓዴ ቀለም) መቀስቀስ አይችልም።

ምላሽ 3፦
ባሕር ውስጥ የሚገለበጠው የክብደት ፒራሚድ ነው። ጥቃቅን የባሕር ዋቅላሚዎች በአንድ ወይም በጥቂት ቀናት በእጥፍ ይራባሉ፣ ወዲያውም ይበላሉ፤ ስለዚህ በአንድ ቅጽበት ሲመዘኑ ከበሊዎቻቸው ሊያንሱ ይችላሉ። መለኪያውን ይመልከቱ፦ ግራም በካሬ ሜትር ከሆነ ሊገለበጥ ይችላል፣ ኪሎ ጁል በካሬ ሜትር በዓመት (የኃይል ፒራሚድ) ከሆነ ግን በፍጹም።

ተማሪ በ1977 በጥልቅ ባሕር ፍል ምንጮች ዙሪያ ስለተገኘው ሕይወት ቢጠይቅ፣ እዚያ ምግብ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ኃይል የሚያገኙት ከሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ብዙዎቹ ይህን የሚያቃጥሉበት ኦክስጅን ግን የተሠራው ላይ፣ በፀሐይ ብርሃን ነው።